በእንፋሎት የሚሠራ የሎኮሞቲቭ ሞዴል

በእንፋሎት የሚሠራ የሎኮሞቲቭ ሞዴል የትልቁን የእንፋሎት ባቡር ጎታች ክፍል (ሎኮሞቲቭ) በመልክም በአሠራርም የሚከተል፣ በመጠን ግን በጣም ያነሰ ማሽን ነው። በውስጡ እውነተኛ እሳት ይነዳል፣ ውሃ ይፈላል፣ እንፋሎቱ ፒስተን ይገፋል፣ ፒስተኑም መንኮራኩሮቹን ያዞራል። በኤሌክትሪክ ሞተር እየሄደ የጭስ ማስመሰያ የሚያወጣ መጫወቻ በዚህ ምድብ አይገባም። ትንንሾቹ በሁለት እጅ የሚነሱ ሲሆኑ፣ ትልልቆቹ ሰዎችን አሳፍረው ይጎትታሉ። ሥራው በብዛት የትርፍ ጊዜ ሥራ ሲሆን በእንግሊዝ፣ በሰሜን አሜሪካ፣ በአውስትራሊያ፣ በጀርመንና በጃፓን በስፋት ይታወቃል።

ይህን ማሽን ከሌሎች ሞዴሎች ሁሉ የሚለየው ቦይለሩ ነው። የመርከብ ወይም የቤት ሞዴል በደንብ ካልተሠራ አያምርም፤ ያ ብቻ ነው። በደንብ ያልተሠራ ቦይለር ግን ሠሪውንም አጠገቡ የቆመውንም ሰው ክፉኛ ሊያቃጥል ይችላል።

«ባቡር» የሚለው የአማርኛ ቃል ራሱ ከእንፋሎት ጋር የተያያዘ ነው። ቃሉ በዐረብኛ በኩል የመጣ ሲሆን መነሻው በፈረንሳይኛና በጣሊያንኛ እንፋሎት ማለት የሆነው ቃል ነው። በመሆኑም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን ያስመጣው፣ በሐዲድ ሳይሆን በመንገድ ይሄድ የነበረው የእንፋሎት ማሽን «የሰርኪስ ባቡር» መባሉ ስህተት አልነበረም። እንዲያውም ስሙን በውሰት የያዘው ዛሬ በኤሌክትሪክ የሚሄደው ባቡር ነው።

(በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የሐዲድ ስፋትና ልኬት

የሞዴሉ መጠን በሁለት ነገሮች ይገለጻል፤ በሐዲዱ ስፋትና በንጽጽር ልኬቱ። የሐዲድ ስፋት የሚለካው በሁለቱ የሐዲድ ብረቶች የውስጥ ጠርዝ መካከል ነው። ልኬቱ 1፡19 ነው ሲባል ደግሞ የእውነተኛው ባቡር 19 ሜትር በሞዴሉ 1 ሜትር ሆኗል ማለት ነው። ሁለቱ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም፤ ጀማሪዎችን የሚያደናግረውም ይኸው ነው። ለምሳሌ በ45 ሚሊሜትር ሐዲድ ላይ የሚሄድ ሞዴል በ1፡32 ከተሠራ 1435 ሚሊሜትር ስፋት ያለውን መደበኛ ሐዲድ ይወክላል። በዚያው ሐዲድ ላይ የሚሄደው ሌላ ሞዴል በ1፡22.5 ከተሠራ ደግሞ የሚወክለው የአንድ ሜትር ስፋት ያለውን ሐዲድ ነው። በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ የደረሰው የቀድሞው የጅቡቲ መስመር የአንድ ሜትር ስፋት ስለነበረው፣ በዚያ መስመር ይሠሩ የነበሩትን የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች በሞዴል መሥራት የሚፈልግ ሰው ሐዲዱ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል።

በ32 ሚሊሜትር ሐዲድ ላይ በ1፡19 ልኬት የሚሠሩት ሞዴሎች 610 ሚሊሜትር (2 ጫማ) ስፋት የነበራቸውን የማዕድንና የእርሻ ሐዲዶች ይወክላሉ። እነዚህና የ45 ሚሊሜትሮቹ በግቢ ውስጥ በተዘረጋ ሐዲድ ላይ የሚነዱ ናቸው። ሰው ለመጎተት የሚሠሩት ግን 89፣ 127 ወይም 184 ሚሊሜትር ሐዲድ ይፈልጋሉ። በ89 ሚሊሜትር ሐዲድ ላይ የሚሄደው ጋሪ ጠባብ በመሆኑ ሐዲዱ ከመሬት ከፍ ብሎ ይሠራና ተሳፋሪው እንደ ፈረስ ግራና ቀኝ እግሩን አንፈራጥጦ ይቀመጣል። በሰሜን አሜሪካ ከ184 ይልቅ 190.5 ሚሊሜትር የሚጠቀሙ አካባቢዎች አሉ። ልዩነቱ 6 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም የአንዱ ሎኮሞቲቭ በሌላው ሐዲድ ላይ መሄድ አይችልም።

ማሳነስ የሚለውጠው ነገር

አንድን ሎኮሞቲቭ በ12 ማሳነስ ማለት ርዝመቱን በ12 ማካፈል ነው። የገጽታው ስፋት ግን በ144፣ ይዘቱና ክብደቱ ደግሞ በ1728 ይካፈላሉ። 60 ቶን የሚመዝን ሎኮሞቲቭ በዚህ ስሌት 35 ኪሎግራም ያህል ይሆናል ማለት ነው። በተግባር ብረቱን ሁሉ በ12 እጥፍ ማቅጠን ስለማይቻል ብዙዎቹ ከስሌቱ ይከብዳሉ። በሌላ በኩል ከኋላ የሚቀመጠው ሰው አልተሳነሰም። 70 ኪሎግራም የሚመዝን ሰው ለሞዴሉ 121 ቶን እንደሚመዝን ጭነት ነው። ይህን መጎተት የሚቻለው የብረት መንኮራኩር በብረት ሐዲድ ላይ ሲሽከረከር የሚገጥመው መቋቋም በጣም ትንሽ ስለሆነ ነው።

ከይዘቱ ጋር ሲነጻጸር ገጽታው በ12 እጥፍ ስለሚበልጥ ሞዴሉ ሙቀት ቶሎ ያጣል። እንፋሎቱ ቀዝቃዛ ሲሊንደር ውስጥ ሲገባ ወዲያው ወደ ውሃ ይለወጣል። ቀዝቃዛ ሞዴል ሲነሳ በጭስ ማውጫው ትኩስ ውሃ የሚረጨው ለዚህ ነው፤ ከላይ አጎንብሶ የሚመለከት ሰው ይህን ከፊቱ ላይ ይማራል። ውሃ እንደ እንፋሎት ስለማይታመቅም፣ ሲሊንደሩ በውሃ እንደተሞላ በኃይል ቢገፋ ቢዬላው ሊጣመም ይችላል።

ጭራሽ ለማሳነስ እሺ የማይሉ ነገሮችም አሉ። በትልቁ ሎኮሞቲቭ ላይ የውሃውን ከፍታ የሚያሳየው የብርጭቆ ቱቦ በ12 ቢሳነስ ቀዳዳው በጣም ይጠብና ውሃው ከግድግዳው ጋር ይጣበቃል፤ መሃል ላይ የአየር አረፋ ይቀረቀራል፤ ቱቦውም ሐሰተኛ ከፍታ ያሳያል። ስለዚህ መልኩ ለልኬቱ ባይስማማም ቱቦው ሰፋ ብሎ ይሠራል። የእሳቱ ነገርም እንዲሁ ነው፤ የከሰሉን ፍርፋሪ በ12 ማሳነስ ዱቄት ማድረግ ስለሚሆን አየር አያሳልፍም።

የቦይለር ክርክር

በ1898 እንግሊዝ አገር ውስጥ ፐርሲቫል ማርሻል «ሞዴል ኢንጂነር» የተሰኘውን መጽሔት መሠረተ። በመጽሔቱ ዙሪያ ከተነሱት ክርክሮች ሁሉ የታወቀው «የቦይለሮች ጦርነት» የሚባለው ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ትንሽ ሎኮሞቲቭ የእውነተኛውን ዓይነት ቦይለር ይዞ በድንጋይ ከሰል በአግባቡ አይሠራም የሚል አስተያየት ሰፍኖ ነበር። ለገበያ ይቀርቡ የነበሩት ሞዴሎችም በአብዛኛው በአልኮል የሚነዱ ነበሩ።

ይህን የተቃወመው ቀደም ሲል በለንደን፣ ብራይተንና ደቡብ ጠረፍ ባቡር ድርጅት ይሠራ የነበረውና የድርጅቱን ስም የመጀመሪያ ፊደላት የብዕር ስም አድርጎ የወሰደው ከርሊ ሎረንስ ነው። ሎረንስ ለ64 ሚሊሜትር ሐዲድ የሠራት «አይሻ» የተባለች ሎኮሞቲቭ በድንጋይ ከሰል እየነደደች አዋቂ ሰው ጎተተች። በ1924 ለንደን ውስጥ በመጽሔቱ ኤግዚቢሽን ላይ በሕዝብ ፊት ከታየች በኋላ ክርክሩ በተግባር አበቃ። ሎረንስ ከዚያው ዓመት ጀምሮ በመጽሔቱ ላይ ሎኮሞቲቭ ከመጀመሪያው ብሎን እስከ ቀለሙ እንዴት እንደሚሠራ ጻፈ፤ እስከ ሕይወቱ መጨረሻ ዘመን፣ ማለትም እስከ 1960ዎቹም በጽሑፉ ቀጠለ። ጽሑፎቹ የታሰቡት ለፋብሪካ ሳይሆን በቤቱ ጓሮ ትንሽ ቶርኖ ላለው ሰው ነበር። ለጀማሪዎች ያቀደው «ቲች» የሚባለው ባለ 89 ሚሊሜትር ሐዲድ ትንሽ ሎኮሞቲቭ ዛሬም ይሠራል።

የቦይለር አሠራር

የሞዴል ቦይለር በአብዛኛው ከመዳብ ይሠራል። መዳብ ሙቀት በደንብ ያስተላልፋል፣ አይዝግም፣ በእጅም ይቀረጻል። ላሜራው እስኪቀላ ሞቆ ውሃ ውስጥ ሲነከር ይለሰልሳል፤ ከዚያ በእንጨት ወይም በብረት ፎርማ ላይ ጠርዙ በመዶሻ እየተመታ ይታጠፋል። ሲመታ ተመልሶ ስለሚጠነክር ሥራው ሳያልቅ ደጋግሞ ማሞቅ ያስፈልጋል። በትልልቆቹ ሞዴሎች ከመዳብ ይልቅ ብረት መጠቀም የተለመደ ነው።

የቦይለሩ ክብ አካል ግፊትን በቀላሉ ይቋቋማል። በግድግዳው ላይ የሚያርፈው ውጥረት ግፊቱ በዲያሜትሩ ተባዝቶ በውፍረቱ እጥፍ ሲካፈል ይገኛል። ዲያሜትሩ 100 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱ 3 ሚሊሜትር፣ ግፊቱ 6 ባር (0.6 ሜጋፓስካል) ከሆነ ውጥረቱ 10 ሜጋፓስካል ነው፤ ለስላሳ መዳብ እስኪበጠስ 200 ሜጋፓስካል ያህል ስለሚችል ብዙ ትርፍ አለ። ሆኖም ሰፊ ትርፍ የሚተወው ያለ ምክንያት አይደለም፤ መዳብ ሲሞቅ ጥንካሬው ይቀንሳል፣ መገጣጠሚያዎችም እንደ ላሜራው ጠንካራ አይሆኑም። ጠፍጣፋ የሆኑት የምድጃው ግድግዳዎች ደግሞ በዚህ ቀመር አይሰሉም። ግፊት ጠፍጣፋውን ሁሉ ሊያብጥ ስለሚሞክር፣ ትይዩ የሆኑት ግድግዳዎች በየተወሰነ ርቀት በመዳብ ወይም በነሐስ ዘንግ እርስ በርስ ይያያዛሉ።

ክፍሎቹ የሚያያዙት ብር ባለበት የመበየጃ ቅይጥ ነው። ይህ ቅይጥ የሚቀልጠው እንደ ዓይነቱ ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሆን ነው። የሬዲዮ ጠጋኞች የሚጠቀሙበት የቆርቆሮና የእርሳስ ቅይጥ ግን በ183 ዲግሪ መቅለጥ ይጀምራል። በ6 ባር ግፊት ላይ ያለ ውሃ ሙቀቱ 165 ዲግሪ ስለሆነ የሁለቱ ርቀት 18 ዲግሪ ብቻ ነው። በዚህ ዓይነት ለስላሳ ቅይጥ ብቻ የተያያዘ ቦይለር መኖር የለበትም። አሮጌ ሞዴል የሚገዛ ሰው በመጀመሪያ ሊመረምረው የሚገባውም መገጣጠሚያውን ነው።

መዳብ ሙቀቱን ወዲያው ስለሚበትን አንዱን መገጣጠሚያ ለመበየድ ቦይለሩን በሙሉ ማሞቅ የግድ ይላል። ብዙ ሠሪዎች ይህን ለብቻቸው አይሞክሩም፤ አንዱ በትልቅ የፕሮፔን ነበልባል አጠቃላዩን ያሞቃል፣ ሌላው ዘንጉን ይዞ ይበይዳል። ድሮ ይሸጡ የነበሩ አንዳንድ የብር መበየጃ ዘንጎች ካድሚየም አለባቸው፤ ጭሳቸው መርዝ ነው። ቧንቧና ቫልቭ የሚገቡበት ጥርስ ያለው ቀለበት ደግሞ ከናስ ሳይሆን ከነሐስ መሆን አለበት። ናስ ውስጥ ያለው ዚንክ በሙቅ ውሃ ቀስ በቀስ ታጥቦ ይወጣና ብረቱ ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ እንደ ስፖንጅ ይሆናል።

የተጠናቀቀ ቦይለር በመጀመሪያ የሚፈተነው በእንፋሎት ሳይሆን በቀዝቃዛ ውሃ ነው። አየር እንዳይቀር እስከ አፉ ይሞላና በእጅ ፓምፕ ግፊቱ ከመደበኛው የሥራ ግፊት እጥፍ እስኪደርስ ከፍ ይደረጋል። ውሃ ስለማይታመቅ ቦይለሩ ቢሰነጠቅ ትንሽ ውሃ ይፈስና ግፊቱ ወዲያው ይወድቃል። በእንፋሎት ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነው። በ165 ዲግሪ ያለ አንድ ሊትር ያህል ውሃ በድንገት ሲለቀቅ ስምንተኛ ያህሉ ወዲያው ይተናል፤ ይህም በግምት 200 ሊትር እንፋሎት ማለት ነው። በእንግሊዝና በአውስትራሊያ ያሉ ማኅበራት በመርማሪያቸው ተፈትኖ የምስክር ወረቀት ያላገኘ ቦይለር በሐዲዳቸው ላይ እንዲነዳ አይፈቅዱም፤ ፈተናውም በየጊዜው ይደገማል፣ በድጋሚው ጊዜ ግን በአነስተኛ ግፊት።

በሥራ ላይ ካሉት አደጋዎች ከባዱ የውሃ ማነስ ነው። የምድጃው ጣሪያ ከላይ በውሃ እስከተሸፈነ ድረስ ከሥሩ ያለው እሳት አይጎዳውም፤ ውሃው ሙቀቱን ይወስድለታል። ውሃው ዝቅ ብሎ ጣሪያው ሲጋለጥ ግን መዳቡ በአጭር ጊዜ ይለሰልስና በግፊቱ ወደ ምድጃው ይወርዳል። ሴፍቲ ቫልቭ ከዚህ አያድንም፤ ግፊቱ መደበኛ ሆኖ ሳለ ሊደርስ የሚችል ጉዳት ነውና።

ማገዶ

ቀላሉ ማገዶ ቡቴን ጋዝ ነው። በብዙ የ32 እና የ45 ሚሊሜትር ሞዴሎች ውስጥ በቦይለሩ መሃል የሚያልፍ አንድ ሰፊ ቧንቧ አለ፤ ነበልባሉ የሚነደው በእሱ ውስጥ ነው። የሥራ ግፊታቸው ከ3 ባር ብዙም አይርቅም፤ ከመኪና ጎማ ግፊት ጥቂት ቢበልጥ ነው። ንድፍ አውጪዎች ብልህ የሆኑበት አንድ ነገር አለ፤ የጋዝ ታንኩን ከቦይለሩ ውሃ ቀድሞ እንዲያልቅ አድርገው ይለኩታል። ነጂው ቢዘነጋ እንኳ እሳቱ ራሱ ይጠፋል። ቡቴን በዜሮ ዲግሪ አካባቢ መትነን ስለሚያቆም በብርድ ቀን ነበልባሉ ይደክማል።

አልኮል በፈትል ይነዳል። ዝምተኛና ንጹሕ ነው፤ ነገር ግን ነበልባሉ በፀሐይ ብርሃን ስለማይታይ የፈሰሰ አልኮል ሲነድ ሳያውቁት እጅ ማስገባት አለ። በ2003 ሆርንቢ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ውሃው ከሐዲዱ በሚመጣ ኤሌክትሪክ የሚፈላበት በጣም ትንሽ ሞዴል ለገበያ አቅርቦ ነበር፤ በእሱ ውስጥ እሳት የለም።

የድንጋይ ከሰል ከሁሉም ይከብዳል፣ ከሁሉም ግን ይወደዳል። በላምባ የተነከረ የእንጨት ከሰል ምድጃው ውስጥ ይቀጣጠልና በጭስ ማውጫው አፍ ላይ ትንሽ የኤሌክትሪክ ፋን ተገጥሞ አየር ይስባል። ግፊቱ ጥቂት ሲነሳ ፋኑ ይነሳና በእንፋሎት የሚሠራ መሳቢያ ይተካዋል። ሎኮሞቲቩ መሄድ ሲጀምር ደግሞ ከሲሊንደሮቹ የሚወጣው ያገለገለ እንፋሎት በጭስ ማውጫው ሥር እየተተኮሰ ጭሱን ይዞ ይወጣል፤ በዚህም አዲስ አየር በእሳቱ ውስጥ ይሳባል። ጭነቱ ሲከብድ ብዙ እንፋሎት ይወጣል፣ እሳቱም በዚያው መጠን ይበረታል። ማንም ሳይቆጣጠረው ራሱን የሚያስተካክል ሥርዓት ነው።

ሲሊንደርና ቫልቭ

እንፋሎቱ በፒስተኑ በሁለቱም ወገን እየተፈራረቀ ስለሚገባ ፒስተኑ ሲሄድም ሲመለስም ይገፋል። መቼ በየትኛው ወገን እንደሚገባ የሚወስነው ቫልቩ ነው። በርካሽ ሞዴሎች ሲሊንደሩ ራሱ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ ቀዳዳውን ይከፍታል፣ ይዘጋል። በተሟሉት ግን ቤልጂየማዊው ኤጊድ ዋልሻርትስ በ1844 የፈጠረው የዘንጎች ሥርዓት ብዙ ጊዜ ያገለግላል። ይህ ሥርዓት አቅጣጫ ከመለወጡም በላይ እንፋሎቱ የሚገባበትን ጊዜ ለማሳጠር ያስችላል።

የግራና የቀኝ ፒስተኖች ከመንኮራኩሮቹ ጋር የሚያያዙት በ90 ዲግሪ ልዩነት ነው። አንዱ ጫፍ ላይ ደርሶ መግፋት ሲያቅተው ሌላው መሃል ላይ ሆኖ በሙሉ ኃይሉ ይገፋል። በመሆኑም መንኮራኩሩ አንዴ ሲዞር ከጭስ ማውጫው አራት ትንፋሽ ይሰማል። አራቱ እኩል ካልተሰሙ ቫልቩ ከቦታው ተዛንፏል ማለት ነው፤ ልምድ ያለው ሰው ሳይፈታ በጆሮው ብቻ ያውቀዋል።

ጥገና

ከሁሉ በላይ የሚዘነጋው ዘይት ነው። ለሲሊንደር የሚሆነው በእንፋሎት ሙቀት የማይቀጥን ወፍራም ዘይት እንጂ የመኪና ዘይት አይደለም። በትንንሾቹ ሞዴሎች ዘይቱን የሚልከው ምንም የሚንቀሳቀስ ክፍል የሌለው ትንሽ ጋን ነው። ወደ ጋኑ የሚገባው ጥቂት እንፋሎት ቀዝቅዞ ውሃ ይሆናል፤ ውሃው ከዘይት ስለሚከብድ ወደ ታች ይሰምጥና ዘይቱን ጠብታ በጠብታ ወደ እንፋሎቱ መስመር ከፍ ያደርገዋል። ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ውሃው ተቀድቶ በዘይት ይተካል። ጋኑ ሙሉ ሆኖ ከተገኘ ደስ ሊል አይገባም፤ ዘይቱ አልሄደም ማለት ነው።

ውሃው የተጣራ ወይም የዝናብ ውሃ ቢሆን ይመረጣል። የቧንቧና የጉድጓድ ውሃ የሚተወው ቅርፊት፣ በቤት ማንቆርቆሪያ ሥር እንደሚታየው ነጭ ድድር፣ ሙቀት እንዳይተላለፍ ያደርጋል፤ ጠባብ ቧንቧዎችንም ይዘጋል። ሎኮሞቲቩ ሥራ ሲጨርስ ጥቂት ግፊት እያለው ከሥር ያለው መክፈቻ ተከፍቶ ውሃው ዝቃጩን ይዞ እንዲወጣ ይደረጋል። የድንጋይ ከሰል አመድ እርጥበት ሲያገኝ በውስጡ ባለው ድኝ ምክንያት አሲድ ስለሚፈጥር ለነገ አይቀመጥም። የጭስ ቧንቧዎቹም በቀጭን ብሩሽ ከጥላሸት ይጸዳሉ።

የተለመዱት ብልሽቶች ጥቂት ናቸው። ጋዝ የሚወጣባት ቀዳዳ ከፀጉር ብዙ ስለማትሰፋ ትንሽ ቆሻሻ ይበቃታል፤ በመርፌ መጎርጎር ግን ቀዳዳዋን ስለሚያሰፋ እሳቱን ለዘለቄታው ያበላሻል፤ ከኋላ በአየር መንፋት ይሻላል። ሎኮሞቲቩ ቆሞ ሳለ በጭስ ማውጫው የማያቋርጥ ፉጨት ከተሰማ እንፋሎት በመክፈቻው፣ በፒስተኑ ወይም በቫልቩ በኩል እያመለጠ ነው። ፓምፑ ውሃ መግፋት ካቆመ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ በውሃ መመለሻው ኳስ ሥር የገባች ፍርፋሪ ናት፤ ሲፈታ ጓርኒሲዮኑ አብሮ ይለወጣል። ሴፍቲ ቫልቩ ደግሞ በየጉዞው መጀመሪያ በተመደበለት ግፊት መክፈቱ በዓይን መታየት አለበት። ቶሎ ከፈተብኝ ብሎ ስፕሪንጉን ማጥበቅ በብዙ ማኅበራት ከሐዲድ ያስወጣል።

ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ሞዴል ቦይለሩ ሙሉ በሙሉ ደርቆ፣ መክፈቻዎቹ ክፍት ሆነው፣ የብረት ክፍሎቹ ዘይት ተቀብተው ይቀመጣል።